ቤቱ ሳይፈርስ፦ የቆዩ የአዲስ አበባ ቤቶችን አሠራርና ታሪክ መመዝገብ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የድንኳንና የጎጆ ሰፈር ነበረች። መኳንንቱ በተሰጣቸው ጉብታ ላይ ግቢያቸውን አጠሩ፤ ጭፍራው፣ ባለሙያውና ዘመድ አዝማዱ ዙሪያውን ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አሰፋፈር ነው። ድንኳኑ በጎጆ፣ ጎጆው በሰቀላ ቤት፣ የሣር ክዳኑም በቆርቆሮ እየተተካ ሲሄድ ከተማዋ የራሷ የሆነ የቤት አሠራር አወጣች። የአገሬው ግንበኛና አናጢ ያውቀው የነበረው ድንጋይ፣ ጭቃና ጥድ አርመኖችና ህንዳውያን ባለሙያዎች ካመጡት የእንጨት በረንዳ፣ የውጭ ደረጃና በመጋዝ ከተፈለፈለ የጣራ ጠርዝ ጋር ተጣመረ። ምድር ቤቱ ከድንጋይ፣ ፎቁ ከእንጨትና ከጭቃ፣ በረንዳው ዙሪያውን፣ ጣራው ሾጣጣ፤ ማድቤቱ እሳትንና ጭስን ለማራቅ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ከኋላ። እንዲህ ያለ ቤት ዛሬም በጉለሌ፣ በአራዳ፣ በአራት ኪሎና በሌሎች ሰፈሮች እዚህም እዚያም ይታያል።

ከእነዚህ ውስጥ ስማቸው የታወቀ አሉ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የከተማዋ መቶኛ ዓመት ሲከበር የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። የሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ቤት፣ ፒያሳ ያለው የህንዳውያኑ ነጋዴዎች የመሐመድ አሊ ቤትም በጥናቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ይነሣሉ። አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒስ ዤራር ጋር ሆነው ከከተማዋ ምሥረታ እስከ ጣሊያን ወረራ ማብቂያ ያለውን የሕንፃ ቅርስ በፎቶግራፍና በንድፍ ያሰባሰቡበት መጽሐፍ በዚህ መስክ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከተማዋ የመኳንንት ብቻ አልነበረችም። ጸሐፊው፣ ካህኑ፣ ነጋዴው፣ አንጥረኛው፣ ጡረተኛው ወታደር የሠሩት ባለ ሦስትና ባለ አራት ክፍል ቤት ቁጥሩ እጅግ ይበልጣል። ስለ እነዚህ ቤቶች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የቤተሰብን ቤት መመዝገብ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የታላላቆቹን ቤቶች ሌላ ሰው ይመዘግባቸዋል፣ የአያትን ቤት ግን የልጅ ልጅ ካልመዘገበው የሚመዘግበው ሰው ላይኖር ይችላል።

ጊዜውም አይጠብቅም። ቤት በምስጥ፣ በእርጥበት፣ በእሳት፣ በመልሶ ማልማት ይጠፋል። በጥር 2007 ዓ.ም. ታሪካዊው የጣይቱ ሆቴል በቃጠሎ ክፉኛ ተጎድቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ የቆዩ ቤቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ተነሥተዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስነት ለተመዘገቡ ቤቶች ጥበቃ ይሰጣል፤ ተራው የቤተሰብ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ መዝገብ ውጭ ነው። ቤቱን ማዳን ከቤተሰቡ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ልኩን፣ ገጽታውንና ታሪኩን ማዳን ግን በሜትር፣ በደብተር፣ በስልክ ካሜራና በትዕግሥት የሚቻል ሥራ ነው።

ሥራው በሦስት ምስክሮች ላይ ይቆማል፤ ቤቱ ራሱ፣ ወረቀቱና ሰው። ጥሩ ዳኛ ምስክሮቹን ለየብቻ እንደሚሰማ ሁሉ፣ መዝጋቢውም የሦስቱን ቃል ለየብቻ ይይዛል። አያት “ይህን ቤት አባቴ የሠራው ከማይጨው ጦርነት በፊት ነው” ቢሉ፣ ይህ የእሳቸው ቃል ሆኖ በስማቸው ይጻፋል። በግድግዳው ውስጥ የተገኘው እንጨት የሚናገረው በሌላ ገጽ ይሰፍራል። የግብር ደረሰኙ የሚለውም እንዲሁ። የሦስቱ ቃል ከተጣጣመ መደምደሚያው ይጸናል፤ ካልተጣጣመ አለመጣጣሙ ራሱ ይመዘገባል እንጂ አንዱ በሌላው አይሰረዝም። ብዙ የቤተሰብ ታሪኮች የሚበላሹት ሰው በመዋሸቱ አይደለም። የተነገረው፣ የታየውና የተገመተው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚቀላቀል ነው።

ሥራው የሚጀመረው በእጅ በሚሣል ንድፍ ነው። ግቢውን አንድ ጊዜ፣ ቤቱን ደግሞ በየፎቁ፣ በእርሳስ መሣል ይበቃል፤ መጠኑ መስተካከል የለበትም። ሰሜን የት እንደሆነ በቀስት ይመላከታል። ዋናው ደጅ፣ ጓሮው፣ ጉድጓዱ፣ የማድቤቱ አቅጣጫ፣ የቆዩ ዛፎች ሁሉ ይገባሉ፤ የዋንዛ ወይም የጥድ ዛፍ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ከቤቱ ይበልጣል፣ የድሮውን አጥር መስመርም ያሳያል። ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ በንድፉ፣ በፎቶግራፉ፣ በቃለ መጠይቁና በጽሑፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀጥላል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ካልተጠበቀ ከዓመት በኋላ የትኛው ፎቶግራፍ የየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

ከቁጥሩ ጎን የክፍሉ ስም ይጻፋል፤ ስሙ ግን የቤቱ ሰዎች የሚጠሩበት መሆን አለበት። አርክቴክት “ሳሎን” የሚለውን ክፍል ቤተሰቡ “እልፍኝ” ወይም “የአባባ ቤት” ይለው ይሆናል። በዚህ ረገድ የሐረር ቤቶች ብዙ ያስተምራሉ። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው የሐረር ጀጎል፣ የሐረሪዎች ቤት ዋና ክፍል ግድር ጋር ይባላል። ወለሉ ነደባ በሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱም ማን እንደሚቀመጥበት በልማድ የተወሰነ ስም አለው። ግድግዳው ላይ ያሉት መስኮት መሰል ጎድጓዶችና የሚሰቀሉት ስፌቶችም እንዲሁ ቦታ ቦታ አላቸው። ይህን ቤት ለክቶ ስሞቹን የተወ ሰው የያዘው የግድግዳዎችን ርቀት ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ቤትም ሥርዓቱ ያን ያህል የጠበቀ ባይሆንም፣ ማን ከየት ይቀመጥ እንደነበር፣ እንግዳ በየት ይገባ፣ ሴቶች በየት ይወጡ እንደነበር የክፍሎቹ ስም ይናገራል።

መለካት ለሁለት ሰው የሚመች ሥራ ነው። አንዱ ሜትሩን ይዞ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፤ የሚጽፈው ቁጥሩን ደግሞ ጮክ ብሎ ይመልሳል። ረጅም ግድግዳ ሲለካ ከመስኮት እስከ መስኮት ቁርጥራጩን ብቻ መለካት ስህተትን ያጠራቅማል። ሜትሩ ከአንዱ ጥግ ተዘርግቶ ሳይነሣ የበሩ መጀመሪያ፣ የበሩ መጨረሻ፣ የመስኮቱ መጀመሪያ እየተባለ በተከታታይ ቢነበብ የሚሻለው ለዚህ ነው። የእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰያፍ ርቀት፣ ማለትም ከጥግ እስከ ማዶ ጥግ ያለው፣ የግድ ይለካል። የቆየ ጭቃ ቤት ጥጉ ቀጥ ያለ አይደለም፤ አራቱ ጎን ብቻ ተለክቶ የተሣለ ክፍል በወረቀት ላይ ትክክለኛ አራት ማዕዘን ይሆንና በእውነቱ ግን ያጋደለ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ መጋደሉ ወዲያው ይታወቃል።

ከፍታ ደግሞ የራሱ ዘዴ አለው። ብዙ የአዲስ አበባ ግቢ ተዳፋት ስለሆነ ከመሬት እስከ ጣራ ያለው ልክ በአንዱ በኩል ከሌላው ይለያል። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ እዚህ ላይ ያገለግላል፤ በሁለቱ ጫፍ ውሃው የሚቆምበት ከፍታ እኩል ስለሆነ፣ በቤቱ ዙሪያ አንድ አግድም መስመር በሲባጎ መወጠርና ሁሉን ከፍታ ከዚያ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች መለካት ይቻላል። ግድግዳው ማጋደሉ በቱንቢ ይታያል። የተለካው በኋላ በወረቀት ሲሣል፣ ለቤቱ ንድፍ 1 ለ 50 የሚባለው መጠን ይስማማል፤ 6 ሜትር የሆነ ግድግዳ በወረቀት ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለግቢው 1 ለ 200፣ ለተፈለፈለ የበረንዳ ጌጥ ወይም ለበር መቃን 1 ለ 10 ይበቃል። ቤቱን በቁሙ የሰነጠቀ የሚመስል ንድፍም ቢያንስ አንድ ያስፈልጋል፤ መሠረቱን፣ ወለሉን፣ ፎቁንና ጣራውን በአንድ ላይ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።

ከልኩ ቀጥሎ ቤቱ ከምን እንደተሠራ ይጠናል፤ ቤቱ ራሱ ብዙ የሚናገረውም እዚህ ላይ ነው። የጭቃ ግድግዳ አሠራር ባጭሩ ይህ ነው፤ ቋሚ እንጨቶች ተቆፍሮ ወይም በድንጋይ መሠረት ላይ ይተከላሉ፣ ማገር በአግድም በልጥ ወይም በሚስማር ይታሠርባቸዋል፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት የቆየ ጭቃ ከሁለት በኩል ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል፤ የመጨረሻው ቀጭን ልባጥ በእበት ወይም በኖራ ይለሰልሳል። ምርጊቱ የረገፈበት ቦታ ካለ መዝጋቢው ግድግዳውን መቆፈር ሳያስፈልገው ይህን ሁሉ ያያል፤ የቋሚዎቹን ርቀት፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ የማሠሪያውን ሁኔታ። ያልረገፈውን ማፍረስ አይገባም። መዝገብ ለመያዝ ተብሎ የተበሳ ግድግዳ የሚቀጥለው ክረምት ዝናብ መግቢያ ይሆናል።

የእንጨቱ ዓይነት ዕድሜ ይጠቁማል። ከተማዋ በተቆረቆረችባቸው ዓመታት የቤት እንጨት ጥድና ሌላ የአገር ዛፍ ነበር፤ ደኑ እየተመነጠረ ሲሄድ እንጨቱ ከመናገሻ ድረስ ይመጣ ጀመር። ባሕር ዛፍ የገባው በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው፤ ተተክሎ ለአጣና እስኪደርስ ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ የቤቱ ዋና ምሰሶዎች ሁሉ ጥድ ሆነው ማገሩ ብቻ ባሕር ዛፍ ቢሆን፣ ወይ ቤቱ በሽግግሩ ዘመን ተሠርቷል፣ ወይ ማገሩ በኋላ ታድሷል። የትኛው እንደሆነ ለመወሰን ሚስማሩና የምርጊቱ ንብብር ይታያል። የባቡሩም ታሪክ እንዲሁ ያግዛል። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ በፊት ቆርቆሮና መስታወት ከባሕር ጠረፍ ወደ ከተማዋ የሚመጣው ቢያንስ የመንገዱን ከፊል በግመልና በበቅሎ ጀርባ ስለነበር ውድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ተራው ሰውም ሊያስበው የሚችል ነገር ሆነ። በሲሚንቶ የተሠራ ክፍል ሲታይ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይታሰባል። ይህ ሁሉ ፍንጭ ነው፤ ቁርጥ ያለ ዓመት አይሰጥም። ቆርቆሮ ከአንድ ቤት ተነቅሎ ሌላ ቤት ይከደንበታል፣ ሚስማር ተቃንቶ ዳግም ይመታል፣ በርም ከነመቃኑ ይሸጣል። ከአንድ ዕቃ ዕድሜ ተነሥቶ የቤቱን ዕድሜ መናገር ስለዚህ ትልቅ ስህተት ነው።

ከሁሉ የሚያስደስተው ምስክር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ነው። የጭቃ ግድግዳ እንዳይራገፍና ክፍሉ እንዲያምር ብዙ ቤተሰብ የቆየ ጋዜጣ በሙጫ ይለጥፍ ነበር፤ ሲያረጅ በላዩ ሌላ ይለጠፋል። ብርሃንና ሰላም በ1917 ዓ.ም.፣ አዲስ ዘመን በግንቦት 1933 ዓ.ም. መታተም የጀመሩ ናቸውና ቁራጭ ገጽ እንኳ ቀኑ ባይነበብ የጋዜጣው ስም ብቻ ወሰን ያበጃል። ስሌቱ ግን በጥንቃቄ ይያዛል። የ1938 ዓ.ም. ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ ቢያንስ ጋዜጣው ሲለጠፍ ቆሞ ነበር፤ የተለጠፈውም ከ1938 ዓ.ም. በፊት ሊሆን አይችልም፤ ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ እንደተለጠፈ ግን ጋዜጣው አይናገርም። ንብብሩ እንዳለ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ እየተላጠ አይፈተሽም። ጣራው ሥር የተወጠረ አቡጀዲ፣ በላዩ ላይ የተቀባው ኖራ፣ በበሩ ጀርባ የቀረው የመጀመሪያው ቀለም በዚሁ ዓይን ይታያል።

ቤት አንድ ቀን ተሠርቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ልጅ ሲያገባ ክፍል ይቀጠላል፣ ኪራይ ሲያስፈልግ በረንዳ ይዘጋል፣ ጣራ ሲያፈስ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ይደረባል። ሁለት ግድግዳ የሚጋጠምበትን መስመር በደንብ ያየ ሰው የትኛው ቀድሞ እንደነበረ ያውቃል፤ የኋለኛው ግድግዳ ከቀድሞው ልስን ላይ ይጠጋል፣ ከውስጡ ጋር አይተሳሰርም። በንድፉ ላይ እነዚህ ጊዜያት በተለያየ ቀለም ይለያሉ። እዚህ ላይ ብዙ መዝጋቢ የሚፈተንበት ነገር አለ፤ “የመጀመሪያውን ቤት” ፈልጎ የኋለኛውን እንደ ቆሻሻ የመተው ፍላጎት። ትልቁ አዳራሽ በኮምፔንሳቶ ለአራት ቤተሰብ ተከፍሎ ከሆነ፣ ክፍፍሉም የቤቱ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ክፍልፍል ልኩ ይያዛል፣ ፎቶግራፉም ይነሣል።

ፎቶግራፍ ሲነሣ ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ይያዛል፤ ወደ ላይ ያዘነበለ ካሜራ ቤቱን ወደ ውስጥ የሚወድቅ ያስመስለዋል። አራቱ የውጭ ገጽ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከአራቱም ጥግ፣ ጣራው ከውስጥ፣ ከዚያም መቃኖች፣ መወርወሪያዎች፣ ማጠፊያዎች፣ የበረንዳው ጌጥ፣ አሸንዳው ይነሣሉ። በቅርብ ለሚነሣው ነገር ጎኑ ማስመሪያ ወይም ሜትር ይቀመጣል። የማለዳና የአመሻሽ ብርሃን የግድግዳውን ውጣ ውረድ ያሳያል፤ የቀትር ፀሐይ ሁሉን ያደበዝዛል። ቤተሰቡ ያለው አሮጌ ፎቶግራፍ ደግሞ ከአዲሶቹ ሁሉ ይበልጣል። በከተማዋ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች የነበሩት የቦያጂያን ቤተሰብ አርመኖችና ሌሎችም ፎቶ ቤቶች ለብዙ ሰው ፎቶ አንሥተዋል፤ ነገር ግን ለቤት ታሪክ የሚጠቅመው በግቢ ውስጥ የተነሣው የሠርግና የክርስትና ፎቶ ነው። ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው በረንዳ ክፍት ነበር ወይስ የተዘጋ? ጣራው ሣር ነበር ወይስ ቆርቆሮ? የፎቶው ጀርባም ይነሣል፤ ቀንና ስም ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ወረቀቱ የሚገኘው በሣጥን፣ በብረት ካዝና፣ አንዳንዴም በፍራሽ ሥር ነው። በከተማዋ መሬት መግዛትና መሸጥ በሕግ መልክ የያዘው በምኒልክ ዘመን ማብቂያ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የሽያጭ ውል፣ የርስት ደብተር፣ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ኑዛዜ፣ የውርስ ክፍፍል ሊገኝ ይችላል። በውሉ ላይ የምስክሮቹና የዋሶቹ ስም፣ የጎረቤቶቹ ወሰንተኛነት ተጽፎ ከሆነ የሰፈሩ ታሪክ ጭምር ተገኘ ማለት ነው። ዋጋው በማርትሬዛ ብር ነው ወይስ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ብር? ይህም ዘመኑን ይናገራል። በክርስቲያን ቤት የልጆች ልደትና የሽማግሌዎች ዕረፍት በዳዊት መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ገጹ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ መጽሐፉ ግን ከቦታው አይነሣም። ሰነድ ሁሉ መጀመሪያ እንደተጻፈ፣ ከነፊደል ግድፈቱ ይገለበጣል፤ ማብራሪያው በሌላ ቦታ ይቀመጣል።

የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ በየቤቱ ወረቀት መካከል ስንጥቅ ሆኖ ይታያል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት አስቀርቶ ሌላውን ወሰደ። ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። በዚህ ምክንያት የብዙ ቤት ታሪክ ሁለት ባለቤት አለው፤ እስከ 1967 የሠራው ቤተሰብ፣ ከዚያ በኋላ የኖረበት ተከራይ። ሠሪው ቤተሰብ ቤቱን እንደተወሰደበት ቤት፣ ተከራዩ ደግሞ ልጆቹን እንዳሳደገበት ቤት ያስታውሰዋል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ሁለቱም መሰማት አለባቸው። አንዱ ወገን ብቻ የተጠየቀበት መዝገብ ግማሽ ነው።

ሰውን መጠየቅ ከሁሉ የሚከብደውና ከሁሉ ቀድሞ መሠራት ያለበት ነው፤ ግድግዳው ሌላ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፣ ሽማግሌዎቹ ላይጠብቁ ይችላሉ። በዓመተ ምሕረት የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ከታሪክ ጋር አያይዞ የሚያስታውስ ግን ብዙ ነው፤ የሰገሌ ጦርነት በ1909፣ የኅዳር በሽታ በ1911፣ የተፈሪ (የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ንግሥ በጥቅምት 1923፣ የማይጨው ጦርነት በ1928፣ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በ1929፣ የታኅሣሡ ግርግር በ1953። ጥያቄው “በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ?” ከሚሆን “ጣሊያን ሲገባ ይህ ክፍል ነበረ?” ቢሆን መልሱ ይጠራል። በየአራት ዓመቱ የሚመለሰው የወንጌላውያኑ ዘመንም ይረዳል። አንድ አዛውንት “ከኅዳር በሽታ በኋላ፣ ተፈሪ ሳይነግሡ፣ በዘመነ ሉቃስ” ቢሉ፣ 1911 ራሱም ንግሡ የዋለበት 1923ም ዘመነ ሉቃስ ነበሩና ያ ቤት የተሠራው በ1911 ቀሪ ወራት፣ በ1915፣ በ1919 ወይም በ1923 የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ከአራቱ አንዱን ለመምረጥ ወረቀቱና ግድግዳው ይጠየቃሉ። የውጭ አገር ሰነድ ካለ ደግሞ የዘመን ልዩነቱ ይታረማል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ይህን ያልተጠነቀቀ ሰው ቤቱን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል ወይም ያሳንሰዋል።

ጥያቄው በቤቱ ውስጥ እየዞሩ ቢቀርብ የተሻለ ነው። ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያስታውሰውን ደፉ ላይ ሲቆም ያስታውሳል። እንጀራ የሚጋገረው የት ነበር? ጠላው የሚጠመቀውስ? በቅሎው የት ይታሰር ነበር? ሙሽራ በየትኛው በር ገባች? ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የት ይተከል ነበር? ስለ ጓዳና ስለ ማድቤት የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸውና አባባ ብቻ ተጠይቀው እማማ ቡና እያፈሉ የሚያልፉበት ቃለ መጠይቅ ብዙ ያጣል። ሁለት ወንድማማቾች አብረው ከተጠየቁ ታላቁ ይናገራል፣ ታናሹ ይስማማል፤ ለየብቻ ሲጠየቁ ግን የየራሳቸው ቤት ይወጣል። ድምፅ የሚቀረጸው በፈቃድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የተናጋሪው ስም፣ ቀኑና ቦታው በድምፅ ይገለጻል፣ “ይህ አይጻፍ” የተባለውም አይጻፍም።

በትልልቅ ቤቶች ውስጥ ከባለቤቱ ቤተሰብ የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበር፤ ወጥ ቤቶች፣ ውሃ ቀጂዎች፣ ፈጪዎች፣ ዘበኞች፣ ሞግዚቶች። ባርነት ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነውና ከዚያ በፊት በተሠሩ የመኳንንት ቤቶች ውስጥ ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በፈቃዳቸው የገቡ አልነበሩም። የሚያድሩበት ክፍል፣ የሚመገቡበት ሰዓትና ቦታ፣ የተወለዱት ልጆች ወዴት እንደሄዱ በብዙ የቤተሰብ ታሪክ ውስጥ አይገኝም። በኋለኛው ቤት ያለችው ጠባብ ክፍል ግን ንድፉ ላይ ትገኛለች፤ ስትለካና ቁጥር ሲሰጣት የማን እንደነበረች መጠየቅ ግድ ይሆናል። ይህን ጥያቄ ማንሣት ለአንዳንድ ቤተሰብ ከባድ ነው። ሆኖም መጠየቅ አለበት።

ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ጽሑፉ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከመሬት ወደ ጣራ ቢሄድ ለአንባቢ ይቀላል፤ መጀመሪያ ቦታውና ግቢው፣ ቀጥሎ የውጭ ገጹ፣ ከዚያ ክፍሎቹ በቁጥራቸው፣ በመጨረሻ የኖሩበት ሰዎች በዘመን ቅደም ተከተል። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የመረጃው ምንጭ ይታወቃል፦ “ታይቷል”፣ “በውሉ ላይ ተጽፏል”፣ “የቤቱ የልጅ ልጅ እንደተናገሩት”፣ “ይመስላል”። የቤቱ አሁናዊ ጉዳትም ይገባል፤ ስንጥቁ የት እንዳለ፣ ምስጡ የቱን ምሰሶ እንደበላ፣ ውሃ በየት እንደሚገባ። ይህ ክፍል ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ አንድ ቀን የሚጠገን ከሆነ ግንበኛው የሚጀምረው ከዚህ ነው። የፈረሰ ከሆነ ደግሞ ልኩ፣ ጌጡና የመቃኑ ቅርጽ በወረቀት ስላለ እንደገና መሥራት የሚቻልበት ዕድል ይኖራል።

መዝገቡ በአንድ ስልክ ወይም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ አይተውም። ቢያንስ ሦስት ቅጂ ያስፈልገዋል፤ አንዱ በወረቀት ታትሞ በቤተሰቡ እጅ፣ ሁለተኛው በሌላ ቤት በሚኖር ዘመድ ዘንድ፣ ሦስተኛው በተቋም። ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ባህልን የሚመለከተው የከተማዋ ቢሮ ስለ ታሪካዊ ቤቶች ሰነድ ሊጠየቁ የሚችሉ ናቸው። በውጭ አገር ያሉ የቤተሰቡ አባላት አሮጌ ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች ይዘው ሊሆን ስለሚችል የመዝገቡ ቅጂ ለእነሱም ይላካል፤ በእጃቸው ያለውንም እንዲልኩ በዚያው ይጠየቃሉ። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተሠራበት ቀን፣ የለኩትና የጠየቁት ሰዎች ስም፣ ያልተገባባቸው ክፍሎች ቁጥር ይሰፍራል። ቤቱ ቆርቆሮው ሲቀየር፣ ግድግዳ ሲፈርስ ወይም አዲስ ተከራይ ሲገባ ቀኑ ተጽፎ አንድ ገጽ ይታከልበታል።